ሾፌር የማይነካቸው 15 ሰከንዶች

ጨዋታው ሲከፈት ሮቦቱን የሚነዱት ተማሪዎች ከመቆጣጠሪያቸው ራቅ ብለው፣ ከተሰመረው መስመር ኋላ ይቆማሉ። ለዓመታት 15 ሰከንድ ሆኖ በቆየው በዚህ የመክፈቻ ጊዜ፣ ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለው ማሽን የሚታዘዘው ቀደም ብለው ለጻፉለት ኮድ ብቻ ነው።

ውድድሩ የፈርስት ሮቦቲክስ ውድድር ይባላል። አዘጋጁን ድርጅት ፈርስትን አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ካመን በ1989 እ.ኤ.አ. መሠረተው። በ1992 በኒው ሃምፕሸር፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ፣ 28 ቡድኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋጠሙ። ዛሬ ቡድኖቹ በሺዎች ይቆጠራሉ። የየዓመቱ ጨዋታ በጃንዋሪ መጀመሪያ ይፋ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ብረቱ ተቆርጦ፣ ሞተሩ ታስሮ፣ ሽቦው ተዘርግቶ እስኪያልቅ ድረስ ኮድ ጸሐፊዎቹ ይጠብቃሉ። ሮቦቱ እጃቸው የሚገባው ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው።

ኮድ መጻፍን የሚያስተምር መምህር የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ታላላቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን ያስተምራሉ፤ የጎደለውን ደግሞ ሌሎች ቡድኖች በይፋ ከለቀቁት ኮድ እያነበቡ ይሞላሉ።

የጀማሪው የመጀመሪያ ስሕተት ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ሁለት ሜትር እስክትደርስ ሂድ» ብሎ ይጽፋል። ለሰው ጆሮ ምንም እንከን የለበትም። ፕሮግራሙ ግን ሁለት ሜትሩ እስኪሞላ ሌላውን ሁሉ ይተዋል፤ ክንዱን አያንቀሳቅስም፣ የሾፌሩን እጅ አያይም። ሌላ ሮቦት መንገዱን ከዘጋበትማ ሁለት ሜትሩ ስለማይሞላ እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል። የሮቦቱ ፕሮግራም በየ20 ሚሊሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ እንደ አዲስ ይጠራል። በእያንዳንዱ ጥሪ «አሁን የት ደረስኩ? ምን ልሥራ?» ብሎ ወስኖ ወዲያው መመለስ አለበት። ይህን የተረዳ ልጅ አስተሳሰቡ ይለወጣል፤ ከትእዛዝ ወደ ጥያቄ ይሻገራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የልክ ጉዳይ ነው። ክንዱ እንዲቆምበት የታሰበውን ቦታ አልፎ ይሄዳል፣ ተመልሶም ያልፈዋል፣ ሲወዛወዝ ይቆያል። ከጀበና ቡና የሚቀዳ ሰው ሲኒው ሊሞላ ሲል እጁን ያቀናል፤ ኮዱም እንዲሁ የቀረውን ርቀት እየለካ የሞተሩን ጉልበት መቀነስ ይኖርበታል። ምን ያህል ይቀንስ? ተማሪዎቹ አንድ ቁጥር ያስገባሉ፣ ያያሉ፣ ይለውጣሉ፣ ደግመው ያያሉ። በእኔ እምነት የውድድሩ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። አዋቂ አማካሪ ቁልፍ ሰሌዳውን ተቀብሎ ቁጥሩን ቢያስተካክልላቸው ሮቦቱ ይሠራል፤ ልጆቹ ግን የመጡበትን ያጣሉ።

ኮዱ በጃቫ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በፓይተን ይጻፋል። ደብልዩ ፒ አይ ሊብ የሚባለው የመሣሪያ ስብስብ በነፃ ይወርዳል፤ ሮቦት በሌለበት በኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ማስመሰያም አለው። ቤታችሁ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ልጅና አንድ ላፕቶፕ ካሉ፣ ማስመሰያውን ዛሬ ማታ አስከፍቱት።