ማን ገፋ፣ ማን ተገፋ?

90 ኪሎ የሚመዝን የቅርጫት ኳስ ተከላካይ ቆሟል እንበል። 60 ኪሎ የሚመዝን አጥቂ ኳስ እያነጠረ መጣና ደረቱ ላይ ተላተመ። ትንሹ ተዘረረ፤ ትልቁ ንቅንቅ አላለም። ጥፋቱ የማን ነው?

«የትልቁ ነዋ!» ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኔ በግቢ ሜዳ ስጫወት በግዝፈቴ ብቻ የተፈረደብኝን ቤት ይቁጠረው። ፊዚክሱ ግን ሌላ ነው የሚለው። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ትልቁ ትንሹን የገፋበትና ትንሹ ትልቁን የገፋበት ኃይል እኩል ነው፤ የሚለየው አቅጣጫው ነው። የወለሉን ሰበቃ ለጊዜው ከተውነው፣ ያ ኃይል 60 ኪሎው ላይ የሚያመጣው የፍጥነት ለውጥ 90 ኪሎው ላይ ከሚያመጣው 1.5 እጥፍ ነው። ስለዚህ የትንሹ መውደቅ ክብደቱን እንጂ መበደሉን አያሳይም። (ሆን ብሎ የሚወድቅም አለ፤ እሱን እንለፈው።)

ታዲያ ዳኛው በምን ይፍረድ? በቦታና በጊዜ። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ሕግ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በዙሪያው በዓይን የማይታይ ሲሊንደር አለው፦ ከፊት እስከ መዳፉ፣ ከኋላ እስከ መቀመጫው፣ ከጎን እስከ እጁና እግሩ ውጫዊ ጠርዝ። ከራሱ በላይ ያለው አየርም የእሱ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቢዘል አይቀጣም። ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ፊቱን ወደ አጥቂው ያዞረ ተከላካይ ቦታውን ይዟል። የኛ ትልቅ ልጅ እንዲህ ከቆመ ጥፋተኛው የወደቀው ነው። አጥቂው ከዘለለ በኋላ ግን ከሥሩ መግባት አይቻልም፤ ሲዘል ባዶ የነበረው ማረፊያ የእሱ ነው።

ንክኪ ሁሉ ፋውል አይደለም። 28 በ15 ሜትር ላይ 10 ሰው ሲሯሯጥ መነካካት አይቀርም። የተነካውን ከጨዋታው ካላሰናከለው ፊሽካ አይነፋም።

አስቸጋሪው ጊዜው ነው። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው በ0.2 ሴኮንድ 1 ሜትር ይሄዳል። እኛ ደግሞ አንድ ነገር አይተን እስክንንቀሳቀስ ድረስ ወደ 0.2 ሴኮንድ ይፈጅብናል። ኳሷን ሲከተል የቆየ ዳኛ ግጭቱን ያያል እንጂ ማን እንደቀደመ አያይም። ጎበዝ ዳኛ ዓይኑን ቀድሞ ተከላካዩ ላይ የሚጥለው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን «ቆሜ ነበር እኮ!» ብዬ ዳኛው ላይ ስጮህ ዋልኩ። ማታ ጓደኛዬ በስልኩ የቀረጸውን ቪዲዮ ቀስ አድርጎ አሳየኝ። ልጁ አየር ላይ ነው፤ የኔ ቀኝ እግር ገና እየተንሸራተተ ነው።