የሐበሻ የምድር ትረሽ፦ መልኩ፣ መኖሪያው እና ዜማው

በአገራችን ደጋማ ደኖች ከሚኖሩ ዘማሪ ወፎች አንዱ የሐበሻ የምድር ትረሽ ነው። «ትረሽ» በብዙ የዓለም ክፍል የሚገኝ የዘማሪ ወፎች ወገን መጠሪያ ሲሆን፣ ይህ ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአፍሪካ ከተጓዘው ጣሊያናዊው ካርሎ ፒያጂያ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ተራራማ ደኖችም ይኖራል።

መልኩ

የወፉ ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጀርባው ቡናማ፣ ደረቱ ብርቱካናማ፣ ሆዱ ነጭ ነው። ዋና መለያዎቹ ዓይኑን የሚከብበው ነጭ ቀለበትና በክንፉ ላይ የሚታዩት ሁለት ነጭ ሰረዞች ናቸው። በአዲስ አበባ ግቢዎች ዘወትር የሚታየው ዘመዱ ምንቃሩ ብርቱካናማ ሲሆን፣ በክንፉ ላይ ነጭ ሰረዝ የለውም።

መኖሪያው

ስሙ እንደሚያመለክተው ምግቡን የሚፈልገው ከመሬት ላይ ነው። በጥላ ሥር የረገፈውን ቅጠል በምንቃሩ እየገለበጠ ነፍሳትንና ትሎችን ይለቅማል። ስለሆነም ለዚህ ወፍ ደን ማለት ረጃጅም ዛፎች ብቻ አይደሉም፤ ከሥራቸው ያለው ቁጥቋጦና እርጥብ ብስባሽም ጭምር ነው። ዛፎቹ ቆመው ሥራቸው ከተመነጠረ ወይም በከብት ከተረገጠ፣ ከሩቅ ደን የሚመስለው ስፍራ ለወፉ ምግብም መሸሸጊያም የሌለው ባዶ ቤት ይሆንበታል።

ዜማው

አብዛኛውን ጊዜ የሚዘምረው ማለዳና አመሻሽ ላይ፣ በቅጠል ተሸሽጎ ነው። ዜማው እንደ ዋሽንት የጠራ ሲሆን፣ አጫጭር ሐረጎችን በመካከላቸው ጥቂት ዝምታ እያስገባ ያሰማል። በመሆኑም ወፉ ከመታየቱ በፊት ብዙ ጊዜ ድምፁ ይሰማል።

ለማየት ለሚፈልጉ

በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ባለው የኮሶና የጽድ ደን ወፉን ማየት ይቻላል። ጎብኝዎች፦

• ማለዳ እንዲገኙና ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር እንዲንቀሳቀሱ፤
• ከተዘጋጁት የእግር መንገዶች እንዳይወጡ፤
• ወፉን ለመጥራት የተቀዳ ድምፅ እንዳያሰሙ ይመከራል፤ ወፉ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ምግቡን ወይም ጎጆውን ትቶ ሊወጣ ይችላልና።

ዝርያው በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ አልተመደበም። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ደን መቆየቱ የሚወሰነው በደኑ ወለል ደኅንነት ነው። በደን አቅራቢያ የሚኖሩ ዜጎች ቁጥቋጦውን ከምንጣሮ፣ ወለሉንም ከልቅ ግጦሽ ሲጠብቁ፣ የማለዳውን ዜማ ለልጆቻቸው ያቆያሉ።