«ገዛሁት» የምንለው ሶፍትዌር የማን ነው?

ባሕር ዳር፦ ጥር 12/2018 ዓ.ም

በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በአንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የተሰማ ጨዋታ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። የአንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ የሆኑ አዛውንት አርሶ አደር የማኅበሩን ኮምፒውተር ለጥገና ይዘው መጥተዋል። ወጣቱ ባለሙያ ሥራውን እንደጨረሰ «አባባ፣ ፕሮግራሞቹን በሙሉ ጭኜልዎታለሁ። ሁሉም በነጻ ነው፤ ሦስት መቶ ብር ብቻ ይክፈሉኝ» አላቸው።

አዛውንቱ ፈገግ ብለው «በነጻ ከሆነ ሦስት መቶው የምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«የድካሜ ነው፣ አባባ።»

«እሺ ልጄ፣ ያንተን ድካም ከፈልሁ። ፕሮግራሙን የሠራው ሰውዬ ድካምስ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወጣቱ ግን መልስ አልነበረውም። ጥያቄው በጨዋታ መካከል ይነሳ እንጂ የማዳበሪያ ዕዳን፣ የቁጠባ ሒሳብንና የአባላት መዝገብን በኮምፒውተር መያዝ ለጀመረ ማኅበር ሁሉ ቁም ነገር ያለው ነው።

የተገዛው ፈቃዱ ነው

በሬ የገዛ ሰው ያርስበታል፣ ያከራየዋል፣ ሲያሻውም ይሸጠዋል፤ የቀድሞው ባለቤት ከዚያ በኋላ አያገባውም። ሶፍትዌር ግን እንዲህ አይደለም። ገንዘብ ከፍለን የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ሳይሆን በፕሮግራሙ የመጠቀም ፈቃድን ነው። በስንት ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል፣ ለሌላ ሰው መተላለፍ መቻል አለመቻሉን የሚወስነው ይኸው በተለምዶ «ላይሰንስ» የምንለው የፈቃድ ውል ነው። ፕሮግራም ስንጭን ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የምናልፈው ረጅም ጽሑፍ ውሉ ነው፤ መስማማታችንም እንደ ፊርማ ይቆጠራል።

በሀገራችንም ጉዳዩ ሕግ አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ቅጅ እንዲያስቀር ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ ለገበያ ማቅረብን ግን አይፈቅድም።

«ነጻ» ሁለት ትርጉም አለው

በቋንቋችን «ነጻ» የሚለው ቃል ያለ ዋጋ መገኘትንም ነጻነትንም ይገልጻል። በሶፍትዌር ዓለም እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው መታየት አለባቸው። ጠላ ጠማቂዋ አንድ ብርጭቆ ብትጋብዘን ያለ ዋጋ ጠጣን ማለት ነው፤ የጌሾውንና የብቅሉን መጠን ግን አናውቅም። አጠማመቁን አስተምራን፣ በቤታችን ጠምቀን፣ አሻሽለንም ለጎረቤት እንድናካፍል ብትፈቅድልን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በኮምፒውተር ፕሮግራም የአጠማመቁ ቦታ ያለው «ምንጭ ኮድ» የሚባለው፣ ባለሙያዎች የሚጽፉት የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ብዙ ያለ ክፍያ የምንጭናቸው የስልክ መተግበሪያዎች እንደ መጀመሪያው ግብዣ ናቸው፤ ይጠጣሉ እንጂ አሠራራቸው አይገለጥም። ምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑትና መቀየርም ማካፈልም የተፈቀደባቸው «ኦፕን ሶርስ» ወይም ክፍት ሶፍትዌር ይባላሉ።

የዚህ አስተሳሰብ መነሻ አንድ የማተሚያ መሣሪያ ነው ይባላል። በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ወረቀት እየያዘ ያስቸግር የነበረን ማተሚያ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ችግሩን ለማቃለል ፈለገ፤ ምንጭ ኮዱን ግን ማግኘት አልቻለም። እ.አ.አ በ1983 ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓት የመገንባት ዕቅዱን ይፋ አደረገ። በ1989 ደግሞ «ጂፒኤል» የተባለው ፈቃድ ወጣ። የውሉ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ ተጠቀም፣ መርምር፣ ቀይር፣ አካፍል፤ አሻሽለህ ለሌላ ስታካፍል ግን አንተም ምንጭ ኮዱን በዚሁ ፈቃድ ስጥ።

የፊንላንድ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በቀጣዩ ዓመት በዚህ ፈቃድ ሥር ገባ። ዛሬ በብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ያለው የአንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ነው። በሀገራችንም ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት «ዲኤችአይኤስ 2» በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ «ያልተከፈለበት ሁሉ ጥራት የለውም» የሚለው የከተማ ወሬ ሚዛን አይደፋም።

ትራክተሩ የማን ነው?

ጉዳዩ ከቢሮ አልፎ ማሳ ገብቷል። ዘመናዊ ትራክተርና ኮምባይነር በውስጣቸው ኮምፒውተር አለ። እ.አ.አ በ2015 ጆን ዲር የተባለው የአሜሪካ አምራች ለሀገሪቱ የቅጅ መብት ጽሕፈት ቤት ባቀረበው አስተያየት፣ ትራክተሩን የገዛ ገበሬ በውስጡ ላለው ሶፍትዌር ያለው መኪናውን የማንቀሳቀስ ፈቃድ ነው የሚል መከራከሪያ አንስቶ ነበር። ለገበሬዎቹ ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም። በአዝመራ ወቅት የቆመን ማሽን ችግሩን የሚለየውና አዲስ የተቀየረን ክፍል የሚያስነሳው ሶፍትዌር በተፈቀደለት ሻጭ እጅ ብቻ ሲሆን፣ ሰብሉ ማሳ ላይ እያለ ባለሙያ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ገበሬዎቹ «የመጠገን መብት» በሚል ተከራከሩ። በ2023 ኩባንያው ከአሜሪካ የገበሬዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን ጋር የመግባቢያ ስምምነት ተፈራረመ። በዚያው ዓመት የኮሎራዶ ግዛት አምራቾች የጥገና መሣሪያና መረጃ ለገበሬው እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ የእርሻ መሣሪያ ሕግ አወጣ። በጥር 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኩባንያው ላይ ክስ መሠረተ። ከዚህ ትምህርት ይወሰዳል፤ በእኛም ሀገር ማሽን በጋራ ለመግዛት የሚያስብ ማኅበር ከፈረስ ጉልበቱና ከዋጋው ጋር «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የመመርመሪያው ሶፍትዌርስ በማን እጅ ነው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ለአርሶ አደሩ ነገሩ ከዘር ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይገለጣል። እንደ ቢኤች 660 ያለ ዲቃላ በቆሎ ምርቱ መልሶ ቢዘራ ስለሚቀንስ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል፤ በየዓመቱ ክፍያ እንደሚታደስ ሶፍትዌር ማለት ነው። ከአባት የተወረሰው የጤፍ ወይም የስንዴ ዘር ግን ይመረጣል፣ ይቀመጣል፣ ለጎረቤትም ይሰጣል። ልዩነቱ ለዲቃላው ምክንያቱ ተፈጥሮው ሲሆን ለሶፍትዌሩ ውሉ መሆኑ ነው። በአሜሪካ በ2012 የተቋቋመ አንድ የዘር አዳቃዮች ንቅናቄም ሐሳቡን ከክፍት ሶፍትዌር ወስዷል፤ ዘሩን የሚወስድ ሰው ሌሎች እንዳይጠቀሙበት እንዳይከለክል ቃል ያስገባል።

የተሰበረ ቁልፍ ጣጣ

በከተሞቻችን የተለመደው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው፤ የፈቃድ መቆጣጠሪያው የተሰበረበት፣ «ክራክ» የተደረገ ፕሮግራም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሲጫን ብዙ ጊዜ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይባላል። ይህም ዘበኛውን አስተኝቶ በሩን እንደ መክፈት ነው፤ አብሮ የሚገባውን ማንም አያውቅም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በግብርና ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ትምህርቱን የቀሰመው በኪሳራ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም ፍላሹን በአንድ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ «ሾርትከት» ተለወጡ። ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት አደረገው። ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቋቸው እንጂ አላጠፋቸውም እንደነበር ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ያጠፋቸው የራሱ እጅ ሆነ። የአንድ ሰው ጽሑፍ እንደገና ይጻፋል፤ የብዙ መቶ አባላት የዕዳና የቁጠባ መዝገብ ቢጠፋ ግን የሚከተለው አለመተማመን በቀላሉ አይጠገንም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሥራ «ሊብሬኦፊስ» የተባለውን ክፍት ፕሮግራም ያለ ክፍያና በሕጋዊ መንገድ መጫን ይቻላል። እንደ «ኖቶ» ያሉ የግዕዝ ፊደል ቅርጾችም በክፍት ፈቃድ ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም አብቅቷል። አዲሱን መሸከም የማይችል አሮጌ ኮምፒውተር በሊኑክስ ላይ በተሠራው «ኡቡንቱ» ወይም ከዚያ በቀለለ ሥርዓት ሊያገለግል ይችላል። ሦስተኛ፣ መዝገብን ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ አንዱንም ከቢሮ ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ይህ ሲባል ግን ክፍት ሶፍትዌር ለሁሉም ችግር መድኃኒት አይደለም። ሒሳብ ሠራተኞቻችን የለመዱት ፒችትሪ በክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ወደ ሌላ መሻገር ሥልጠናና ጊዜ ይጠይቃል። በዎርድ የተዘጋጀ ጽሑፍም በሊብሬኦፊስ ሲከፈት ቅርጹ አልፎ አልፎ ይዛባል። ማኅበሩ የሚከፈልበት ፕሮግራም ካስፈለገው ዋጋውን በዓመታዊ ዕቅዱ ውስጥ ማካተት አለበት።

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። በሚከፈልበት ፕሮግራም የሠሪው ድካም በፈቃዱ ዋጋ ይከፈላል። በክፍት ሶፍትዌር ሠሪው ወይም የቀጠረው ድርጅት ሥራውን ፈቅዶ ሰጥቷል፤ የሚጠይቀው ውሉ እንዲከበር ነው፤ ለጫነው ባለሙያም የድካሙን መክፈል አይከለከልም። በተሰበረው ፕሮግራም ግን የሠሪውን ድካም የከፈለም የፈቀደም የለም። ስለዚህ ኮምፒውተር ለማስጠገን የሚሄድ ሁሉ «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ፈቃዱ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የራሱንም የማኅበሩንም መዝገብ ይጠብቃል።