ትልቁን ቴሌቪዥን ከመግዛታችን በፊት



ቴሌቪዥን በአገራችን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ወደ ቤታችን ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ካለቀ ሰነባብቷል። የአሁኑ ክርክር ሌላ ነው፤ ያለን አነሰን፣ ትልቅ ይገዛልን የሚል ነው። ልጆች ከጎረቤት ወይም ከአጎታቸው ቤት አይተው ይመጣሉ። እናት ከኢፍጣር በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በሚያየው ፕሮግራም ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ አልነበብ ይላታል። አባት ደግሞ ኪሱን ያውቃል። በሞጣም ሆነ በቢቸና ከሱቅና ከእጅ ሥራ በሚገኝ ገቢ የሚተዳደር አባወራ ለዚህ ጥያቄ ቶሎ «እሺ» ማለት አይሆንለትም። በተለይ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ የዓመታት ጥሪቱን በአንድ ቀን ያጣ ነጋዴ፣ አንድን ዕቃ መልሶ መግዛት ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም እንዲነግረው አይሻም። ከዚያም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል። ስለሆነም ሻጩ ከሚያሳየን ይልቅ ሳሎናችንና ቦርሳችን የሚነግሩንን ማዳመጥ ይበጃል።

ኢንች ምንን ይለካል?

ብዙዎቻችን ኢንች ሲባል የስክሪኑን ስፋት ይመስለናል። ነገር ግን የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በአግድሞሽ ነው። ከዚህ የተነሳ ገዢ የሚታለልበት አንድ ነገር አለ። ባለ 21 ኢንቹ የድሮ ሣጥን ቴሌቪዥን ወደ ጎን 43፣ ወደ ላይ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ባለ 32 ኢንቹ ጠፍጣፋ ደግሞ ወደ ጎን 71፣ ወደ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁጥሩ በ11 ቢያድግም ቁመቱ የጨመረው 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚናገረው ሰው ፊት የሚተልቀው በቁመቱ ልክ ስለሆነ «ገዛን፤ ግን ያን ያህል አልተለወጠም» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከ32 ወደ 43 ኢንች ሲኬድ ግን ነገሩ ይለያል። ባለ 43ቱ 95 በ54 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሥዕሉ ስፋት በመቶኛ ቢሰላ በ80 ያህል ይጨምራል። ከ43 ወደ 50 በ35፣ ከ50 ወደ 55 ግን በ21 ብቻ ነው የሚያድገው። ዋጋውስ? እርሱ ከሥዕሉ ጋር እኩል አይራመድም፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ለትንሿ ጭማሪ የምንከፍለው እየበዛ ይሄዳል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በጀቱ ጠባብ ለሆነ ቤተሰብ ገንዘቡ በእውነት የሚታይበት እርምጃ ወደ 43 የሚደረገው ነው። ከ50 በላይ ያለው ሰፊ ሳሎን ላለው ነው።

ሰፊ ስንል በሜትር እንነጋገር። ከሶፋው ወይም ከፍራሹ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከሆነ 43 ወይም 50 ይበቃል። ከ3 ሜትር ሲያልፍ 55ን ማሰብ ይቻላል። ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ካርቶን በ95 በ54 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ቴሌቪዥኑ በሚቀመጥበት ቦታ ለሁለት ቀን ለጥፉት። የቤቱ ሰው ሁሉ አይቶ ይፍረድ። ወጪ የለውም፤ ብዙ ጭቅጭቅም ያስቀራል።

«ፎር ኬ» እና «ስማርት»

ሻጮች አዘውትረው ከሚጠሯቸው ቃላት ዋነኞቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ፎር ኬ የሚባለው ስክሪን ወደ ጎን 3840 ነጥቦች ሲኖሩት ፉል ኤችዲው 1920 አለው። ታዲያ ዓይናችን ይህን ልዩነት ያየዋል ወይ? ጤነኛ ዓይን በ3 ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነጥብ ከ0.8 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። በባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ ያለው ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይኸውም ከፍራሻችን ላይ ሆነን የፉል ኤችዲውን ነጥብ እንኳ ማየት አንችልም ማለት ነው። በዚያ ላይ በዲሽ የምናያቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በፎር ኬ አያስተላልፉም። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ፎር ኬውን መውሰድ አይከፋም፤ ለእርሱ ብሎ ተጨማሪ መክፈል ግን ለማይታይ ነገር መክፈል ነው።

ስማርት ቴሌቪዥን ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ተራ ቴሌቪዥን ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሞጣ አንባቢያን አይረሱትም። ያኔ ያገለገለው ዲሽና ፍላሽ ነው። ስለዚህ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ መኖሩንና የተለያየ ዓይነት ቪዲዮ ማጫወቱን ማረጋገጥ ከስማርትነቱ ይቀድማል። ዳዕዋውን፣ የቁርኣን ቂርኣቱንና የልጆቹን ትምህርት በፍላሽ ጭኖ ማቆየት የቻለ ቤተሰብ መስመር ሲቋረጥ አይቸገርም።

አዲሱ ቴሌቪዥን ከአሮጌው የባሰበት

ይህ በተደጋጋሚ የሚሰማ ነው። ትልቁ ቴሌቪዥን ይገባል፣ ይበራል፤ ሥዕሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ሰዎቹም ወደ ጎን ወፍረው ይታያሉ። ቤተሰቡ ተታለልን ብሎ ያዝናል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አይደለም። የድሮው ሪሲቨር በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ገመድ እንደተገናኘ ስለቀረ ነው። በቢጫው ገመድ የሚያልፈው ሥዕል ለትንሹ ሣጥን ቴሌቪዥን የሚበቃ እንጂ ሰፍቶ ሲለጠጥ የሚያምር አይደለም። መፍትሔው ኤችዲ ሪሲቨርና የኤችዲኤምአይ ገመድ ነው። ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ሳተላይት ከሚያስተላልፋቸው ጣቢያዎች በኤችዲ የሚመጡ ስላሉ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ወፍረው የሚታዩትን ሰዎች ደግሞ በሪሞቱ የሥዕሉን ቅርጽ በማስተካከል ወደ መልካቸው መመለስ ይቻላል።

በመሆኑም ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለስክሪኑ አታውጡ። ከየ100 ብሩ 80ውን ለቴሌቪዥኑ፣ 20ውን ለሪሲቨር፣ ለገመድ፣ ለስታብላይዘርና ለማጓጓዣ መመደብ ይሻላል። ስታብላይዘር ቅንጦት አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ከፍና ዝቅ ስለሚል ብዙ ቴሌቪዥን የሚቃጠለው በዚያች ቅጽበት ነው። መብራት ሲሄድ ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ደግሞ ምንም አያስወጣም። የመብራት ሒሳቡን ለሚፈሩ ደግሞ እንዲህ ነው። ባለ 43 ኢንች ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ዋት ይወስዳል፤ ይህም ከድሮው ሣጥን ብዙ አይርቅም። በ80 ዋት በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 120 ዋት የሚወስድ ባለ 55 ኢንች ከሆነ ወደ 18 ይወጣል። የኤሌክትሪክ ታሪፉ ብዙ የተጠቀመን በከፍተኛ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን እያሰባችሁ አስሉት።

የት ይቀመጥ?

በሞጣ ብዙ ቤቶች ሳሎኑ መቀመጫም፣ የእንግዳ ማረፊያም፣ የቤተሰብ መስገጃም ነው። ከሞጣ ተነስቶ ቂብላው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ይላል። ስለዚህ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን በጀማዓ ለሚሰግድ ቤተሰብ ፊት ለፊት ይሆናል ማለት ነው። ቢጠፋም ጥቁሩ መስተዋት የሰጋጁን ምስል ያሳያል፤ ይህ ደግሞ ሐሳብን ይሰርቃል። በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ግድግዳ ማድረግ ካልተቻለ በሶላት ሰዓት የሚሸፈንበት ጨርቅ ይዘጋጅለት። ትንሹ ቴሌቪዥን ጥግ ላይ ሲቀመጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ትልቁ ሲመጣ ግን ከመግዛቱ በፊት መታሰብ አለበት፤ ቦታው የመጠኑን ነገር ሊወስን ይችላልና።

ቤቱ የጭቃ ከሆነ ማንጠልጠያውን በጭቃው ላይ አትምቱት። ሚስማሩ ወይም ብሎኑ የግድ ቋሚውን እንጨት ማግኘት አለበት። ብፌ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ የአዲሶቹ ቴሌቪዥኖች እግር ወደ ሁለቱ ጫፍ የተራራቀ ስለሆነ የድሮው ብፌ ሊጠብባቸው ይችላል። ቀድሞ መለካት ነው። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ቀላል ስለሆነ ሕፃን ስቦ ሊጥለው ይችላልና ከኋላው በገመድ ከግድግዳው ጋር ይታሰር።

ስለ ሕፃናት ካነሳን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ያሉት ጭራሽ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፉ መክሯል። ስክሪኑ ሲተልቅ ሰዓቱም አብሮ እንዳይረዝም ወላጆች ከወዲሁ ይስማሙ።

ልጁን ከዲኤስቲቪ ቤት ለመመለስ

አንዳንድ ወላጆች ትልቅ ቴሌቪዥን ለመግዛት የሚነሱት ለራሳቸው ብለው አይደለም። ወጣቱ ልጃቸው ቅዳሜና እሁድ ኳስ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ይውላል፤ አንዳንዴም ያመሻል። አብሮት የሚውለው ማን እንደሆነ፣ ጫትና ሲጋራ በዚያ ይኑር አይኑር አያውቁም። «ቤት ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ቢኖር ይቀመጣል» ብለው ያስባሉ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ስሌቱ ግን ጎደሎ ነው። ልጁ የሚሄደው ለስክሪኑ ትልቅነት ሳይሆን ለጨዋታው ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚያሳየው በየወሩ የሚከፈልበት መስመር ስለሆነ ቴሌቪዥኑ 43 ቢሆን 65፣ ያለ ክፍያ አይመጣም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት። ወርሐዊውን ክፍያ ቤተሰቡ ይችላል ወይ? ካልቻለስ እርሱ ከሚያገኛት ሥራ ሊያግዝ ይችላል ወይ? ባለ 55ቱን ትቶ ባለ 43 በመግዛት የሚተርፈው ገንዘብ የብዙ ወራት ክፍያ ሊሆን ይችላል። ጓደኞቹንም ወደ ቤት እንዲጋብዝ ፈቃድ ስጡት፤ ሻዩንም አፍሉላቸው። ብቻውን የሚያይበት ትልቅ ስክሪን አያስቀረውምና።

ገንዘቡ ከየት?

በጥሬ ገንዘብ መግዛት ከሁሉ ይቀላል። እቁብ ያለው እጣው እስኪወጣለት ይጠብቅ። በዱቤ የሚሸጡ ነጋዴዎችም አሉ። የዱቤው ዋጋ ከጥሬው ከፍ ቢልም ከመለያየታቸው በፊት በአንድ ዋጋና በታወቀ የመክፈያ ጊዜ ከተስማሙ አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ይፈቅዱታል። «ካዘገየህ ይህን ያህል ትጨምራለህ» የሚል ቃል ከገባበት ግን ወለድ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም በ2011 ዓ.ም. ከተፈቀደ በኋላ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሒጅራ ባንክም ተከትሏል። በሙራበሐ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ ለደንበኛው ይሸጣል። ይህ መንገድ ለሱቅ ዕቃና ለሥራ መሣሪያ ትልቅ በር ከፍቷል። ለቴሌቪዥን ግን ዕዳ መግባቱን እኔ አልደግፈውም። ቴሌቪዥን ገቢ አያስገባምና የዕዳው ወር ሲደርስ የሚከፈለው ከልጆች ምግብ ተቀንሶ ነው።

ሲገዛና ሲጫን

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ በካርቶኑ ላይ 43 ተብሎ ውስጡ የሚያንስ ይኖራልና ስክሪኑን በአግድሞሽ ለኩት። 109 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። የራሳችሁን ፍላሽ ሰክታችሁ አስከፍቱት። ነጭ፣ ከዚያም ጥቁር ሥዕል አድርጋችሁ የሞተ ነጥብ ወይም ጥላ መኖሩን ተመልከቱ። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላችሁ እዩት። በእኛ ሳሎን ሰው በሦስቱም ግድግዳ ዙሪያ ስለሚቀመጥ ከጎን ሲታይ ቀለሙ የሚደበዝዝ ስክሪን ለግማሹ ቤተሰብ አይሆንም። ደረሰኙና የዋስትና ወረቀቱ ማኅተም ይኑረው።

ከአዲስ አበባ በደጀንና በቢቸና አድርጎ የሚመጣ ከሆነ በፖርቶ መጋላ ላይ አስተኝታችሁ አትጫኑት። ስክሪኑ ቆሞ እንጂ ተኝቶ መጓዝ የለበትም፤ ተኝቶ ሲንገጫገጭ መሐሉ ይሰነጠቃል፤ ዋስትናውም ይህን አይሸፍንም። የትራንስፖርቱና የስጋቱ ልዩነት ሲታሰብ በሞጣ ወይም በባሕር ዳር ጥቂት ብር ጨምሮ መግዛቱ የሚያዋጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቢበላሽ የሚመለስበት ሱቅ ቅርብ ነውና።

አሮጌውን ደግሞ ወደ ልጆች መኝታ ቤት አታስገቡት። አንዱ ቤተሰብ በሁለት ክፍል ተለያይቶ የሚያይ ከሆነ ሳሎኑ ለምን ትልቅ ቴሌቪዥን አስፈለገው? ከሠራ ለሌለው ጎረቤት ይሰጥ፣ ወይም ይሸጥና ለስታብላይዘሩ ይዋል። ካልሠራ ለጥገና ሠራተኛ ይሰጥ እንጂ ልጆች እንዲፈቱት አይፈቀድላቸው፤ ሣጥን ቴሌቪዥን ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኃይል ይቆያል፤ መስተዋቱም እርሳስ አለበት።