ስብሰባና የአረም ወቅት

በሶዶ ወረዳ በቡኢ ዙሪያ ጤፍ አረም በሚፈልግበት ወቅት፣ የገበሬው ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ውድ ነው። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አንድ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ይህን አቋርጦ ለስብሰባ የሚመጣ አባል ከሥራው ብዙ ይጎድልበታል።

ለ2 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ በ5 ሰዓት ቢጀመር፣ 100 አባላት 300 ሰዓት ያባክናሉ። ይህ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ገበሬ የ37 ቀን ተኩል ሥራ ነው! ዘግይቶ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሰብሳቢው ራሱ መሆኑ ደግሞ ያሳዝናል።

መሪዎች አጀንዳውን አስቀድመው ያስታውቁ፤ አስቸኳይ ያልሆነው ለበዓል ቀን ይቆይ። ሴቶችም በደቦ እንሰት በሚፍቁበት ቀን አይጠሩ።