ከመሬቱ በፊት ዘሩ፦ የይፋት ቆላ የአትክልት አምራቾች የመፀው ዝግጅትና የዕውቀት ምንጮቻቸው



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ አንድ ቃል ነው። በውጭ አገር የተጻፉ የአትክልት ልማት መጻሕፍት የዝግጅቱን ምዕራፍ የሚጀምሩት በጸደይ ነው። በረዶ ሲቀልጥና አፈር ሲሞቅ ሥራ ይጀመራልና። እኛም ይህንኑ እንዳለ ተርጉመን ለዓመታት አስተምረናል። በእኛ የዘመን አከፋፈል ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። በመስኖ ቀይ ሽንኩርት የሚያለማው የይፋት ገበሬ ያን ጊዜ ዋናውን የበጋ ምርት አንሥቷል። የእርሱ ዝግጅት የሚጀምረው ክረምቱ ሲወጣና መፀው ሲገባ ነው።

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ መንገደኛ፣ ከደጋው ብርድ ወጥቶ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ይቀበላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ከደጋው የሚያመጡት ውኃ የቀወትን ሜዳ ያጠጣል። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ማሾ በዚህ ምድር የታወቁ ናቸው። ሆኖም በመስከረም ሞልቶ የሚፈሰው ወንዝ በጥርና በየካቲት ይቀጥናል። ስለዚህ ዝግጅት ስንል በመጀመሪያ የቀን ሒሳብ ማለታችን ነው።

ሒሳቡን አብረን እናስላ። ዘሩ መስከረም 20 ቀን በችግኝ መደብ ቢዘራ፣ ችግኙ ከ45 እስከ 55 ባሉት ቀናት ለተከላ ይደርሳል። ሃምሳውን ብንወስድ ተከላው ኅዳር 10 ቀን ይሆናል። ከዚያ በኋላ 110 ቀን የሚፈልግ ዝርያ የሚደርሰው የካቲት 30 ቀን ነው። እንግዲህ ኮረቱ የሚሞላበትና ውኃ አብዝቶ የሚሻበት ጊዜ ወንዙ ከሚቀጥንበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። የሽንኩርት ሥር ጥልቀት የለውም፤ ጥቂት ቀን ቢጠማ ምርቱ ይቀንሳል። በመስከረም ሦስት ሳምንት የዘገየ ሰው በመጋቢት ሦስት ሳምንት ተጨማሪ የውኃ ተራ ይለምናል። ስለሆነም ከውኃ አባቶች ጋር ስለ ተራ መነጋገር የሚገባው መደብ ከመዘጋጀቱ በፊት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዘር ነው። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ በዚያው አካባቢ ለአምራቾች ሥልጠና ሰጥቼ ነበር። ስለ ማዳበሪያና ስለ ተከላ ርቀት በሰሌዳ ላይ አሳምሬ አስረዳሁ። ሲያበቃ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ያልኸው ሁሉ መልካም ነው፤ ዘሩ ካልበቀለሳ?» አሉኝ። በዚያ ዓመት በብድር የገዙት ዘር ግማሹ እንኳ አልበቀለላቸውም ነበር። እኔ ግን የዘር ብቅለት የሻጩ ጉዳይ እንጂ የእኔ ትምህርት አይመስለኝም ነበርና መልስ አጣሁ።

መልሱ ግን ቀላል ነበር። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ በሙቀትና በእርጥበት ያለ ጥንቃቄ ከተቀመጠ በአንድ ዓመት ውስጥ የመብቀል ኃይሉ እጅግ ይደክማል። መቶ ዘር ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጨርቁን ሳያደርቁ 12 ቀን መጠበቅ፣ ከዚያም የበቀለውን መቁጠር በቂ ነው። በሁለት መሥመር መደብ፣ በ40፣ በ20 እና በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 660 ሺህ ያህል ችግኝ ይይዛል። ሦስት ኪሎ ተኩል ዘር ወደ አንድ ሚሊዮን ፍሬ አለው። ከመቶ 80 ከበቀለ ችግኙ ይተርፋል። ከመቶ 50 ብቻ ከበቀለ ግን ከማሳው አንድ አራተኛ ያህሉ ባዶ ይቀራል። ያለ ሙከራ የዘራ ሰው ጉድለቱን የሚያውቀው መደቡ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ እንደ አዲስ ቢዘራ የቀኑ ሒሳብ ተፋልሷል።

አሁን ወደ ዕውቀት ምንጮች ልለፍ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ አዳማ ቀይ፣ ቦምቤይ ቀይና ናፊስ ባሉት ዝርያዎች ላይ ሠርቷል። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢው ቅርብ ነው። በየቀበሌው የልማት ሠራተኞችና የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከላት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የ8028 የስልክ መስመርም ማንበብ ለማይችል ሰው በአማርኛ ምክር የሚያሰማ በመሆኑ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1989 በኢንዶኔዥያ የሩዝ ገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት ሲጀመር መምህሩ ማሳው ነበር፤ ገበሬዎቹ በየሳምንቱ ተሰብስበው ተባዩን ራሳቸው ይመረምሩና ይወስኑ ነበር። ይህን አካሄድ ለሽንኩርት ትሪፕስ መቆጣጠሪያ ብናውለው፣ ቀን ቆጥሮ መርጨት ቀርቶ አይቶ መርጨት ይለመዳል።

ከሁሉ የቀረበው የትምህርት መሣሪያ ግን የገበሬው የገዛ ደብተር ነው፦ የተዘራበት ቀን፣ የብቅለቱ ቁጥር፣ ውኃ የጠጣበት ቀን፣ የተሸጠበት ዋጋ። ሦስት ዓመት የተያዘ ደብተር ገበያው መቼ እንደሚጨናነቅ ለባለቤቱ ይነግረዋል።

ውድ ተማሪዎቼ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ በዚህ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ እንዳይቀር፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ አንዲት ገጽ በግልጽ አማርኛ ጽፋችሁ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ አድርሱ። ጊዜውም ከመስከረም በፊት፣ በነሐሴ ይሁን። በኅዳር የደረሰ ምክር የዚያን ዓመት ዘር አይመልስም። የእኒያ አባት ጥያቄ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም፤ እናንተ መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።