ቆሼና የማይመለስ ገንዘብ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ረጲ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ያለውን የቆሻሻ ክምር ሕዝቡ «ቆሼ» ይለዋል። የከተማው ጥራጊ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የተደፋው እዚያ ነው። ስፋቱ 36 ሄክታር ያህል ነው። በድሮው ልክ አንድ ጋሻ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ማለት ነው።

ቦታው መጀመሪያ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው እያደገ መጣና ከበበው። ድሆች በክምሩ ሥር የጭቃና የላስቲክ ቤት ቀለሱ። ብዙዎቹ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። በአገሪቱ የ3 ቀን ሐዘን ታወጀ።

ከዚህ በፊት የሆነውን ደግሞ ገበሬ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በ2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሰንዳፋ አጠገብ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ አዲስ የቆሻሻ መድፊያ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ሽታው አላስቀምጥ አላቸው። ውኃችን ተበከለ ብለው አቤት አሉ። መድፊያው በወራት ውስጥ ሥራ አቆመ፤ መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ታዲያ ጥፋቱ የገበሬዎቹ ነው? አይደለም። ቆሻሻው የመላው ከተማ ነው፤ ሸክሙ ግን አንዴ በድሃው ሰፈር፣ አንዴ በገበሬው ማሳ ላይ ወደቀ። ይህ እንዳይሆን፣ ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ፣ በሥራውም ይግባበት ማለት የአካባቢ ፍትሕ ይባላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል።

መብቱ አለ፤ ሥራው ግን ገንዘብ ይጠይቃል። የጎርፍ መውረጃ መቆፈር፣ ውኃ ማስመርመር፣ ከጥራጊ ማዳበሪያ መሥራት፣ ሁሉም ወጪ አለው። ለዚህ የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብ አለ። ብድር አይደለም፤ ወለድም የለውም። ምጽዋትም አይደለም፤ በዕቅድ ተጠይቆ፣ ለዕቅዱ ብቻ የሚውል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 የተጀመረውና በኢትዮጵያም የሠራው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፈንድ የአነስተኛ እርዳታ ፕሮግራም አንዱ ምሳሌ ነው። ለአንድ ሥራ ለብዙ ዓመታት እስከ 50,000 የአሜሪካ ዶላር ይሰጥ ነበር። ገንዘቡ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለማኅበር ነው።

ዕድር ያለው ሰው ነገሩ አይከብደውም። ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዝገብም ይይዛል። ገንዘብ ሰጪውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በሕግ የተመዘገበ ማኅበር፣ የባንክ ደብተር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ። ዕቅዱ ረጅም መሆን የለበትም። ችግራችን ምንድን ነው? ማንን ጎዳ? ምን እንሠራለን? ስንት ይፈጃል? እኛስ በጉልበት፣ በድንጋይ፣ በእንጨት ምን እናዋጣለን? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰላችሁ፤ አንድ ቀን የቆፈረ ሰው ጉልበቱ በዋጋ ተተምኖ እንደ መዋጮ ሊቆጠር ይችላል። ገንዘቡ ባንድ ጊዜ አይለቀቅም። የመጀመሪያው ድርሻ በደረሰኝ ካልተወራረደ ሁለተኛው አይመጣም። ብዙ ማኅበር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ሲሚንቶውን በትክክል ገዝቶ ደረሰኙን ይጥላል።

ሕግም እንቅፋት የሆነበት ጊዜ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ቆሼ ሲናድ አዋጁ ገና አልተሻረም ነበር። ስለዚህ በውጭ ገንዘብ ችግኝ መትከል ይቻላል፤ ሰፈሩ ለምን አልተጠየቀም ብሎ መሟገት ግን አይቻልም ነበር። ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ።

ትንሽ ገንዘብ ሁሉን አይሠራም። ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት እርዳታ በቆሼ ክምር ውስጥ ቧንቧ ተዘርግቷል። ቆሻሻው ውኃ በቧንቧው ይወጣል፤ አየር ይገባል፤ ክምሩም ይረጋል። ይህን ዕድር አይችለውም። ነገር ግን ክምሩ የተሰነጠቀበትን፣ ውኃ ያቆረበትን፣ ጭስ የሚወጣበትን ቦታ በየቀኑ የሚያየው አጠገቡ የሚኖረው ሰው ነው። ያንን ቀን ቆጥሮ በደብተር መጻፍ ዶላር አይጠይቅም፤ ለገንዘብ ሰጪም ሆነ ለወረዳ ሲያመለክቱ የሚቀርበው ማስረጃም ይኸው ደብተር ነው።